የወረቀት ጧሪ

አትክልት ሱሉልታ ውስጥ አራት በር የሚከራይ ቤት አላት። አላት ይባል እንጂ በዐይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው በስልኳ ከሚላክላት ፎቶ ነው። ጎዴ ከተማ ባለችው ክፍሏ፣ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያመላለሰ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ አልጋዋ ላይ ጋደም ትልና ፎቶዎቹን ታገላብጣለች። ሰማያዊ የቆርቆሮ በሮች፣ ከኋላ ባሕር ዛፍ፣ ከፊት ጭቃ። ሌላው ሰው ለሥራ ባልደረባው የልጁን ፎቶ ሲያሳይ እሷ በሮቿን ታሳያለች። «ያምራሉ» ይሏታል፤ ምን ይበሉ?

እናቷን አታውቅም። ደሴ ያሳደገቻት አክስቷም የላቦራቶሪ ትምህርቷን በጨረሰችበት ዓመት ሞተች። ትዳር ዛሬ ነገ ሲባል ሳይመጣ ቀረ፤ ኋላ ላይ እሷም መጠበቁን ተወችው። አንድ የማይቀር ነገር ግን ነበር፣ እርጅና። በእርጅናዋ የሰው ፊት እንዳታይ ስትል የሚከራይ ቤት ልትሠራ ቆረጠች። ቡራዩን ጠየቀች፤ ዋጋው አይቀመስም። ሰበታ ላይ ደግሞ አብራት የምትሠራ ነርስ ቦታ ገዝታ ለወንድሟ አደራ ሰጥታ ነበር፤ የይዞታው ካርታ ሲወጣ በወንድሟ ስም ወጣ። ወንድምና እህት ዛሬ የሚገናኙት ችሎት ብቻ ነው። አትክልት ይህን ስትሰማ ዘመድ ማጣቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ በረከት ቆጠረችው። የሚክዳት እንኳ የላትም።

ወንዲ የሚባል ደላላ ነው ሱሉልታን ያመጣላት። ኦቦ ዲሪርሳና ባለቤታቸው አዴ ተረፈች ልጅ ያልወለዱ ገበሬዎች ናቸው፤ ከእርሻቸው ጫፍ ቆርሰው ሊለቁ ፈልገዋል። የእርሻ መሬት ግን አይሸጥም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ወንዲ መላ አያጣም። ሽያጭ ቢከለከልም ለልጅ ወይም ለጧሪ በስጦታ መስጠት ይቻላል አላት። ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ወረቀቱም ተጻፈ፦ አትክልት ልጃችን ስለሆነች፣ እስከ ዛሬም ስለጦረችን፣ ወደፊትም ስለምትጦረን ይህን ቦታ በስጦታ ሰጥተናታል። አትክልት ከጎዴ መጥታ ባዶ ሣር አይታ ፈረመችና በዚያው ቀን ተመለሰች። ገንዘቡን በጓዳ ከፈለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ቤቱን ያሠሩላት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ኪራይም የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። በየወሩ መጨረሻ ይደውላሉ። ማን እንደከፈለ፣ የማን ጣራ እንዳፈሰሰ ይነግሯታል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ይጀምራሉ፣ ከዝናቡ ወደ ላሚቱ ይሄዳሉ፣ ከላሚቱ ወደ ጎረቤት። አትክልት «እሺ፣ እሺ» ትልና «በሉ ካርድ እንዳይቆጥርብዎት» ብላ ትዘጋለች። ሰውዬው ለድካማቸው አምስት ሳንቲም ጠይቀዋት አያውቁም። እሷም ለምን እንደማይጠይቁ ጠይቃቸው አታውቅም። የሚሠራ ነገር ሲሠራ ማን ይመረምረዋል?

ዘንድሮ ግን ወሩ ሳይጋመስ ስልኳ ጠራ። ስማቸውን ስታይ ቤቱ የተቃጠለ መሰላት።

ነገሩ ከመቃጠል አይሻልም ነበር። የገጠሩ ቦታ ወደ ከተማ ተጠቃሎ ይዞታ ሊመዘገብ ነው፤ የባለይዞታዎች ስም ቀበሌ ደጅ ተለጥፏል፤ የኦቦ ዲሪርሳ የወንድም ልጅ ሁንዴ ደግሞ በስሟ ላይ ተቃውሞ አስገብቷል። ይህች ሴት አጎቴን ጦራ አታውቅም፣ መሬቱን በስጦታ ስም ገዝታ ነው ይላል። ኮሚቴው ቦታው ድረስ ወጥቶ ጎረቤት ሊጠይቅ ቀን ተቆርጧል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ! አትክልት ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ ከሄደ፣ ጎዴ ሙቀት ውስጥ ያለፈው ዕድሜዋ ሁሉ አብሮት ሄደ ማለት ነው።

ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ ገባች። የሰበታዋ ነርስ የጠቆመቻት ጠበቃ ዕዝራ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሲናገር በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ያንኳኳል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀና አለ።

«እዚያ ቆመሽ ‹ገዛሁ› የምትል ቃል ከአፍሽ ከወጣች ቤትሽ አለቀለት። ሽያጭ ከሆነ ፈራሽ ነው። ጧሪ ከሆንሽ ግን ስጦታው ይጸናል።»

«አልጦርኳቸውም እኮ» አለች አትክልት።

«እሱን እኔ አልሰማሁም። ዝም አይነቅዝም፤ ጎረቤት የሚለውን እንጠብቅ።»

ከዚያ አንድ ሌላ ምክር ጨመረላት። የስጦታው ጉዳይ ቢሳካም እንኳ ሽማግሌው ከእንግዲህ ኪራይ መሰብሰብ የለባቸውም። ዛሬ ኪራይ የሚሰበስብ ሰው ነገ ባለቤት ነኝ ይላል፤ እሱ ባይል ወራሾቹ ይላሉ፤ የሁንዴን ሥራ አይታዋለች። ሩቅ አገር ሆኖ ንብረት የሚጠበቀው በሕጋዊ ውክልና እንጂ በሰው ደግነት አይደለም። አትክልት የሰበታዋን ነርስ አሰበች። በዚያው ከሰዓት ውልና ማስረጃ ወረፋ ይዘው፣ ኪራይ ለመሰብሰብም ለመክሰስም ለመከሰስም ለዕዝራ ውክልና ሰጠች። ስትፈርም ደስ አላት። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯ ሁሉ የተቆለፈ መሰላት።

በማግስቱ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተነሣች። የእንጦጦን ጀርባ ሲወርዱ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ፤ ጎዴ ለኖረ ገላ ሱሉልታ ሌላ አገር ነው። ሣር የጫነ አይሱዙ ፊት ፊታቸው እያዘገመ፣ ሾፌሩ እየተራገመ፣ ከተማው ደረሱ። አትክልት ቤቷን ከሩቅ አወቀችው። በሮቹ ከፎቶው ይልቅ ደብዘዝ ብለዋል። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል።

ኦቦ ዲሪርሳ ከሰዎቹ መሀል ተነሥተው መጡ። ያኔ ሲፈርሙ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ አሁን ከዘራ ይዘዋል፣ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ሁለት እጇን ይዘው «አካም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አትክልት ፍርሃታቸው እንደሷ ስለ መሬቱ መሰላት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ ያደረገች ቆፍጣና ሴት ናት። ሜትሩ ተዘረጋ፣ ማዕዘኑ ተለካ፣ ከዚያ ሁንዴ እንዲናገር ተፈቀደለት። ሁንዴ ጎልማሳ ነው፤ መጮህ አልፈለገም፣ ድምፁ ግን በራሱ ጊዜ ከፍ ይል ነበር። አጎቱን ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያ በጀርባው ያዘለ እሱ ነው። እርሻቸውን የሚያርስ እሱ ነው። ይህችን ሴት በዚህ ደጅ ያየ ሰው ካለ ይውጣና ይናገር አለ። አትክልት መሬት መሬት አየች። ከተናገረው አንዲት ቃል ውሸት አልነበረባትም።

ሰብሳቢዋ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረች። ይህችን ሴት የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ማን ያውቃታል? ያኔ ነው አዴ ጂሬኛ የሚባሉ የአጥር ጎረቤት፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው የተነሡት።

«ኢንተለ ኦቦ ዲሪርሳቲ» አሉ። «የኦቦ ዲሪርሳ ልጅ ናት፣ የጎዴዋ። ማን የማያውቃት አለ? ዐይኑን ሞራ ጋርዶት የደጁ ዛፍ ሲጠፋበት ማን አሳከመው? እሷ። ያን መነጽር ማን ላከለት? እሷ።»

ሌላው ቀጠለ። ጋቢውን የላከችለት እሷ ናት። ሬዲዮኑንም። ለገና በግ፣ ለፋሲካ ዘይትና ቅቤ። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ኦቦ ዲሪርሳ «ልጄ የላከችልኝ ነው» ብለው ያላቀመሱት ጎረቤት የለም። አንዱ ሽማግሌ ከጎዴ የመጣ ነው የተባለ ቴምር ሳይቀር በልቷል። ሰው ሁሉ እየተሽቀዳደመ ይመሰክራል፤ አትክልት ደግሞ ያልሰጠችውን ስጦታ አንድ በአንድ እየሰማች፣ እያንዳንዱ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ እየገባ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። መነጽር ስንት ያወጣል? ጋቢስ? አልላከችም። ትልክ ዘንድ ሐሳቡም መጥቶላት አያውቅም።

ሁንዴ አላስቻለውም። «ወይፈኑን ሸጦ ነው የታከመው! ገበያ የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሳቁበት። በመሬት ዐይኑ የታወረ ዘመድ የማይለው የለም አሉ። ኦቦ ዲሪርሳ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ጭቃውን ያያሉ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። አትክልት ያን ጊዜ ገባት። ሰውዬው የሚንቀጠቀጡት ለመሬቱ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ከፍታ «እኔ ምንም አልላክሁም» እንዳትል ነው የፈሩት።

ሰብሳቢዋ የመጨረሻውን ጥያቄ ለእሳቸው አደረገች። ሸጠውላታል ወይስ ሰጥተዋታል?

ኦቦ ዲሪርሳ ቀና ብለው ሁንዴን አዩት፣ ከዚያ አትክልትን።

«ልጄ ናት» አሉ። «ትጦረኛለች።»

ሰብሳቢዋ ጻፈች። ሁንዴ ቆሞ አጎቱን ተመለከተ፤ ቁጣው ጠፍቶ ፊቱ የተመታ ሰው ፊት መሰለ። «እንግዲያው ልጅዎ ትጡርዎት» አለ። «እኔ ከዛሬ ወዲህ በዚህ ደጅ አላልፍም።» እንዳለውም በባሕር ዛፎቹ መሀል ወጥቶ ሄደ፤ ማንም አልጠራውም።

ኮሚቴው ሲሄድ አትክልት ነገሩ ያለቀ መስሏት ቦርሳዋን አነሣች። ጎረቤቶቹ ግን አልተነሡም። አዴ ጂሬኛ ክንዷን ያዟትና ፊቷን በስስት አዩት።

«አሁንስ ተሻለሽ ወይ፣ ልጄ? ተረፈችን የቀበርን ቀን ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ከአልጋ መነሣት አቅቶሽ እንደነበር አባትሽ ነግሮናል። እንኳን እግዜር ማረሽ።»

አዴ ተረፈች የሞቱ ሰሞን አትክልት ደህና ነበረች። ኦቦ ዲሪርሳ ደውለው «ተረፈች አረፈች» ሲሏት «ነፍስ ይማር» ብላ፣ ትንሽ ቆይታ ሦስተኛው በር ተከራይ አገኘ ወይ ብላ ጠይቃቸዋለች። ተከራይ አልገባም ነበር። «እፈልጋለሁ» ነበር ያሏት።

«ተሻለኝ» አለች።

እናቷ ተቀብራ ያላለቀሰች ልጅ እርሟን ሳታወጣ አትሄድም። ሴቶቹ ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ቤት ይዘዋት ገቡ። መደብ ላይ አስቀመጧት፤ አንዷ ተረፈችን እየጠራች ሙሾ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ከዚያ ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ተራው የልጅ ነው። አትክልት ስለዚያች ሴት የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፊርማው ቀን ብርድ ሲያንቀጠቅጣት አይተው፣ ቋንቋዋን አሳምረው ስላልቻሉ ምንም ሳይሉ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገውላት ነበር። አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየተቻኮለች መልሳላቸው ሄደች።

«እናቴ» አለች። ጠበቃው አልቅሺ ቢላት ኖሮ አይሆንላትም ነበር። ቃሉን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም፤ የምትጠራበት ሰው አልነበራትም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን አላቆመም። ለማን እንደምታለቅስ እሷም አልለየችውም። ለተረፈችም፣ መልኳን ለማታውቃት ለወለደቻትም፣ ለአክስቷም፣ አልጋ ላይ ተጋድማ በር ስታይ ላለቀው ዘመኗም አለቀሰች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አገዟት። እንዲህ ያለች ልጅ ትወለድ አሉ።

ሲመሽ ሲል ቤቱ ጭር አለ። ኦቦ ዲሪርሳ ወተት አፍልተው ሰጧትና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«አታጋልጭኝም ብዬ አላመንኩም ነበር» አሉ። «ልጅ የለውም እየተባልኩ አረጀሁ። ያ ወረቀት ሲጻፍ ልጃችን ናት ይላል፤ ለጎረቤት አነበብኩት። ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

መልስ የጠበቁ አይመስሉም፤ ወዲያው ቀለል ብሏቸው ስለ ቤቱ ጀመሩ። የሦስተኛው በር ተከራይ ሊለቅ ነው፤ የወተት ማኅበሩ ጸሐፊ ሊገባበት ይፈልጋል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሲደውሉ የተስማሙበትን ይነግሯታል።

ዝም ብትል ይሻል ነበር፤ ግን ጠበቃው በሳምንቱ ወደ ተከራዮቹ ይመጣል። «ውክልና ለጠበቃ ሰጥቻለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ኪራዩን የሚሰበስበው እሱ ነው። አንቱም ይረፉ ብዬ።» የመጨረሻዋን ሐረግ ለምን እንደጨመረች አፍራ ወተቱን አየች።

ኦቦ ዲሪርሳ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ሕግ የሚያውቅ ሰው ይሻላል።» ከዚያ ላሚቱን ላስገባ ብለው ወጡ። ላሚቱ ቀድማ ገብታ ነበር።

አትክልት በማግስቱ ሄደች። ካርታው በስሟ ወጣ፤ ዕዝራ ፎቶውን ላከላት፤ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። ጎዴ የሥራ ባልደረቦቿ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ከእንግዲህ ማንም አይነጥቃትም፤ ሁንዴም፣ ወራሽም፣ ደላላም። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ኪራዩ ባንክ ገባ፤ ከዕዝራ አጭር መልእክት መጣ። ስለ ዝናብ የሚል የለበትም።

ከሥራ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ማራገቢያው ይዞራል። ስልኳን አየች፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አየችው። ይህን ያህል የምትጠብቀው ነገር እንደነበር ቀድሞ ማን በነገራት? ዳር ዳር ስትል ቆይታ ደወለች። በአሥራ አንድ ዓመት እሷ ደውላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ።

«ምን ሆነ?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ገና እንዳነሡ። «ቤቱ ምን ሆነ?»

«ቤቱ ምንም አልሆነም። አንቱ እንዴት ኖት?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

«ሁንዴ ቀረ» አሉ። «ጎረቤቱም ጧሪ አለው ብሎ ትቶኛል። ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።»

«እኔም» አለች አትክልት።

አንዳቸውም አልዘጉም፤ እሳቸው ሱሉልታ ብርድ ውስጥ፣ እሷ ጎዴ ሙቀት ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰሙ ሒሳቧ እስኪያልቅ ቆዩ።